የፔትዎርዝ ጓሮ፦ ጎመንና በሶብላ ለጀማሪ በትንሽ ወጪ

ዛሬ ፖለቲካውን ለጊዜው ገታ አድርገን ስለ ጎመን እናውጋ።

በዋሽንግተን ዲሲ ሰሜን ምዕራብ፣ ጆርጂያ አቬኑን ተከትሎ የሚገኘው ፔትዎርዝ አብዛኛው ቤቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት የተሠራ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ የጡብ ቤት ነው። ከፊት በረንዳና ጥቂት ሣር፣ ከኋላ ደግሞ እስከ ጀርባው መንገድ የሚደርስ ጠባብ ጓሮ አለው። በብዙዎቻችን ጓሮ የሚታየው የተሰበረ ወንበር፣ የልጆች ብስክሌትና የዛገ የሥጋ መጥበሻ ነው። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ የወጡ ወገኖቻችንም ወይ እንዲህ ያለ ጓሮ፣ ወይ የአፓርትመንት በረንዳ አያጡም።

ስለ ጓሮ አትክልት ወሬ ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ሞክሬ ነበር፣ አልያዘልኝም» የሚል። አገር ቤት ዘር በትኖ ጎመን ያበቀለ ሰው እዚህ ለምን ያቅተዋል? ነገሩ የእጅ ጉዳይ አይደለም። ፀሐዩ፣ ወቅቱና አፈሩ ከምናውቀው የተለዩ ስለሆኑ ነው። የምሕንድስና ሰው ስለሆንኩ ሦስቱንም በቁጥር ላስረዳ፤ ከዚያ ወደ ወጪውና ወደ ተከላው እንሄዳለን።

ፀሐዩ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስትሆን ዋሽንግተን ወደ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። እዚህ ግን በጁን መጨረሻ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል፤ በዲሴምበር መጨረሻ ደግሞ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል።

ከቀኑ ርዝመት ይበልጥ ለጓሮ ወሳኙ የጥላው ርዝመት ነው። ቁመቱ 9 ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ። ቀትር ላይ ይህ ቤት ወደ ሰሜን የሚጥለው ጥላ በጁን መጨረሻ 2 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በማርችና በሴፕቴምበር መጨረሻ ግን ከ7 ሜትር በላይ ይሆናል፤ በዲሴምበር ደግሞ 17 ሜትር ይደርሳል። ያው ቤት አዲስ አበባ ቢሆን በዲሴምበር ጥላው 6 ሜትር አይሞላም። እንግዲህ በጁላይ ፀሐይ የሞላው የሚመስል ጓሮ በኤፕሪልና በኦክቶበር ሙሉ በሙሉ ጥላ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቅዳሜ ይምረጡና ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሮ ይውጡ። ጥላው ያረፈበትን ጠርዝ በድንጋይ ምልክት ያድርጉ፤ ማታ በወረቀት ላይ ይሣሉት። በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ለቃርያና ለቲማቲም ይሆናል። 4 ሰዓት ያህል የሚያገኘው ለጎመን፣ ለሰላጣና ለድንብላል ይበቃል። ፀሐዩ ያለው ከቤቱ ፊት ለፊት ከሆነ እዚያው ይትከሉ፤ ጎመን ከአበባ አጠገብ ቢበቅል ነውር የለውም። ይህ ጥናት አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ነገር ግን ከሚገዙት ነገር ሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው።

ወቅቱ

ሁለቱም ከተሞች በዓመት ከአንድ ሜትር ትንሽ የበለጠ ዝናብ ያገኛሉ። ልዩነቱ የአዲስ አበባው አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲወርድ የዋሽንግተኑ ግን በ12ቱም ወሮች የተከፋፈለ መሆኑ ነው። አገር ቤት ገበሬ የሚጠብቀው ዝናብን ነው፤ እዚህ የሚጠበቀው የውርጩን መውጣት ነው። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

በከተማው ውስጥ የመጨረሻው ውርጭ ብዙ ጊዜ በኤፕሪል የመጀመሪያ አጋማሽ ያበቃል። ከከተማው ወጣ ባሉት ሰፈሮች እስከ ኤፕሪል መጨረሻ፣ አንዳንድ ዓመትም እስከ ሜይ መጀመሪያ ሊቆይ ይችላል። የአካባቢው አትክልተኞች እንደ ቲማቲም ያለውን ብርድ የማይችል ተክል ለማውጣት የእናቶች ቀንን፣ ማለትም የሜይን ሁለተኛ እሑድ የሚጠብቁት ለዚህ ነው። በጁላይ ደግሞ ሙቀቱ ቀን ወደ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሌሊቱም ከወበቅ አይወጣም።

ጎመን፣ ሰላጣ፣ ድንብላልና አተር በቀዝቃዛ አየር የሚወዱ ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ሌሊቱ ሁልጊዜ ቀዝቀዝ ስለሚል ይመቻቸዋል። እዚህ ጎመንን በጁን የዘራ ሰው ተክሉ ሳይጠነክር ሙቀቱ ይደርስበታል፤ ቅጠሉ ይመራል፣ ትሉም ይበዛበታል። «አልያዘልኝም» የሚባለው አብዛኛው ይኸው ነው።

እኔ ነገሩን በአገራችን አነጋገር እንዲህ አስቀምጠዋለሁ፦ ፔትዎርዝ በስፕሪንግ ደጋ፣ በሰመር ቆላ፣ በፎል እንደገና ደጋ ናት። የደጋውን ተክል በሁለቱ ደጋዎች፣ የቆላውን በመካከል እንተክላለን። ለማስታወስ እንዲቀል ደግሞ በጾማችን መቁጠር ይቻላል። የመጀመሪያው ጎመን የሚዘራው በዐቢይ ጾም ወራት፣ ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። ሁለተኛው በፍልሰታ፣ በኦገስት አጋማሽ ይዘራል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በጥቅምት ይቀበራል።

ዊንተሩስ? የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2023 ባወጣው ካርታ መሠረት ከተማዋ በ7ቢና በ8ኤ ቀጠና ውስጥ ትገኛለች። የየዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛ ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች ከ9 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል ማለት ነው። ጤና አዳም ይህን ብርድ ችሎ ያልፋል፤ ሮዝመሪም ብዙ ጊዜ ያልፋል። ኮሰረትና ጠጅ ሣር ግን አይችሉትም፤ በማሰሮ ተተክለው ብርዱ ሲመጣ ወደ ቤት መግባት አለባቸው።

አፈሩ

ልጆች ያሏችሁ ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡልኝ።

በአሜሪካ እርሳስ፣ እዚህ ሊድ የሚሉት ብረት፣ ያለበት የቤት ቀለም የታገደው በ1978 ነው። የፔትዎርዝ ቤቶች አብዛኞቹ ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀድመው የተሠሩ ናቸው። ለአሥርተ ዓመታት ከመስኮትና ከበረንዳ የተላጠው ቀለም የሚወድቀው ከግድግዳው ሥር ነው። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚንም እስከ 1996 ድረስ ፈጽሞ አልታገደም ነበር፤ ጢሱ በትልልቅ መንገዶች ዳር ባለው አፈር ላይ አርፏል። እርሳስ በአፈር ውስጥ አይበሰብስም፤ ዝናብም በቀላሉ አጥቦ አይወስደውም። ለሕፃናት አእምሮ ደግሞ ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም።

መለኪያው በአንድ ሚሊዮን የአፈር ክፍል ውስጥ ስንት ክፍል እርሳስ አለ የሚለው ነው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለመኖሪያ አፈር ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል የሚልበትን መጠን በጃንዋሪ 2024 ከ400 ወደ 200 ዝቅ አድርጎታል። ለማነፃፀር፣ ሚሼል ኦባማ በ2009 በዋይት ሐውስ ግቢ የአትክልት ቦታ ሲያስጀምሩ የአፈሩ ምርመራ 93 ነበር። የፕሬዚዳንቱ ጓሮ እንኳ ከእርሳስ ነፃ አልነበረም፤ ተመረመረ፣ መጠኑ ታወቀ፣ ኮምፖስት ተጨምሮበት ተተከለ። እኛም ማድረግ ያለብን ይህንኑ ነው።

አፈርዎን ከጓሮው ከ5 እስከ 10 ቦታ ጥቂት ጥቂት ወስደው ይቀላቅሉና ወደ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ላቦራቶሪ በፖስታ ይላኩ። ለምሳሌ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የሚገኘው ላቦራቶሪ መደበኛ የአፈር ምርመራ ሲያደርግ የእርሳሱንም መጠን ይገምታል። ወጪው ከ20 እስከ 30 ዶላር አካባቢ ያስቡ። የዲሲ ነዋሪ ከሆኑ አስቀድመው ወደ ዲሲ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ደውለው ምን አገልግሎት እንዳለ ይጠይቁ፤ ዩኒቨርሲቲው በከተማ ውስጥ ለነዋሪው የእርሻ ትምህርት የመስጠት ኃላፊነት ያለበት ነው።

ውጤቱ እስኪመጣ፣ ወይም ከፍ ብሎ ከመጣ፣ መፍትሔው ቀላል ነው። በአፈሩ ውስጥ ሳይሆን ከአፈሩ በላይ ይትከሉ፤ በሣጥን መደብ ወይም በባልዲ፣ ከውጭ በመጣ ንጹሕ አፈር። ከቤቱ ግድግዳ ይራቁ። ባዶውን መሬት በእንጨት ፍቅፋቂ ወይም በቅጠል ይሸፍኑ፤ ልጆችን የሚያገኛቸው በአብዛኛው አቧራው ነውና። ልጆች ከጓሮ ሲገቡ እጃቸውን ይታጠቡ፣ ጫማም ከበር ላይ ይውለቅ። ቲማቲምና ቃርያ እርሳስን ወደ ፍሬያቸው ብዙም አያስገቡም። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቅጠላ ቅጠል ግን አፈሩን ይዘው ስለሚመጡ በንጹሕ አፈር ብቻ ይብቀሉ።

ወጪው

ሁለት መንገድ ላቅርብ። የየመደብሩ ዋጋ ስለሚለያይ ቁጥሮቹን በግምት ይውሰዷቸው፤ የስሌቱ አካሄድ ግን አይለወጥም።

አንደኛው የባልዲ መንገድ ነው። ለምግብ የተሠራ ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ምግብ ቤቶችና ዳቦ ቤቶች ብዙ ጊዜ ይጥሉታል፤ ጠይቀው አራት ይውሰዱ። ከሥሩ አራት አምስት ቀዳዳ ይብሱለት። አራቱ ባልዲ 2.7 ኪዩቢክ ጫማ ያህል አፈር ይይዛሉ። አንድ ባለ 2 ኪዩቢክ ጫማ የማሰሮ አፈር በ18 ዶላር፣ አንድ ከረጢት ኮምፖስት በ8 ዶላር፣ ዘርና ችግኝ በ12 ዶላር ቢገዙ ድምሩ 38 ዶላር ነው። አፓርትመንት ለተከራየ ሰው ይህ ይመረጣል፤ ቤት ሲቀይሩ አትክልቱም አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው የሣጥን መደብ ነው። ስፋቱ 4 በ4 ጫማ ይሁን፣ ማለትም በየጎኑ 1 ሜትር ከ20 ያህል፤ ከየትኛውም ጎን እጅ መሐሉ ይደርሳል። 8 ጫማ ርዝመትና 10 ኢንች ያህል ቁመት ያላቸውን ሁለት ሳንቃዎች ገዝተው እያንዳንዳቸውን ለሁለት ያስቆርጧቸው፤ ብዙ የእንጨት መደብሮች ይቆርጡልዎታል። ሣጥኑን ለመሙላት 4 ሲባዛ በ4 ሲባዛ በ0.83 ጫማ፣ ማለትም 13.3 ኪዩቢክ ጫማ አፈር ያስፈልጋል። ይህም 12 ከረጢት ባለ 0.75 የላይ አፈርና 3 ከረጢት ባለ 1.5 ኮምፖስት ነው። እንጨት 35፣ ብሎን 8፣ አፈር 48፣ ኮምፖስት 24፣ ዘርና ችግኝ 28 ቢሆን ድምሩ 143 ዶላር ይመጣል። ከወጪው ግማሹ አፈር መሆኑን ልብ ይበሉ። ስለዚህ ቁጠባውን ከአፈሩ ይጀምሩ፤ ከጎረቤት ጋር ተባብሮ በመኪና የሚመጣ አፈር መግዛት ከከረጢቱ ብዙ ይረክሳል። ከሜሪላንድ የዛፍ ቅጠልና የሣር ጥራጊ የሚዘጋጀው ሊፍግሮ የሚባለው ኮምፖስት በአካባቢው መደብሮች ይገኛል፤ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው።

ከወደቀ አጥር ወይም ከፈረሰ በረንዳ የተገኘ አሮጌ እንጨት ነፃ ቢሆንም ይጠንቀቁ። እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ ለቤት አገልግሎት ይሸጥ የነበረው ኬሚካል የተነከረ እንጨት አርሴኒክ ነበረበት። የባቡር ሐዲድ እንጨትም ለአትክልት አይሆንም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። ስናፕ፣ በድሮ ስሙ ፉድ ስታምፕ፣ የሚያገኝ ቤተሰብ በካርዱ የምግብ ተክል ዘርና ችግኝ መግዛት ይችላል። ይህ ከ1973 ጀምሮ በሕግ የተፈቀደ ነው። በተጨማሪም በጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ የዘር መለዋወጫ ቀን ይደረጋል፤ በዊተን ብሩክሳይድ ጋርደንስ ከ2006 ጀምሮ የተለመደ ሆኗል።

ለመሆኑ ያዋጣል? እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያው ዓመት ሣጥኑ ወጪውን ላይመልስ ይችላል። አፈሩና እንጨቱ ግን ለዓመታት ይቆያሉ፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የሚወጣው የዘርና የጥቂት ኮምፖስት ዋጋ ብቻ ነው። ዋናው ነገር ምን እንደሚተከል መምረጥ ነው። ድንችና ሽንኩርት ገበያ ላይ ርካሽ ናቸው፤ ቦታም ይይዛሉ። በየቀኑ የሚበላውን፣ ቶሎ የሚጠወልገውንና ሱቅ ውስጥ የሚወደደውን ወይም የማይገኘውን ይምረጡ።

ምን፣ የት፣ መቼ?

በ1981 የታተመ አንድ የታወቀ የጓሮ አትክልት መጽሐፍ አለ። ጸሐፊው ሜል ባርቶሎሚው ጡረታ የወጣ ሲቪል መሐንዲስ ነበር። ዘዴው መደቡን በአንድ አንድ ጫማ ካሬ መክፈልና ለእያንዳንዱ ካሬ የተክል ቁጥር መወሰን ነው። የእኛ ሣጥን 16 ካሬ፣ በአራት ረድፍ ይሆናል። የሰሜኑን ጠርዝ ረድፍ አንድ እንበለው፤ ረጃጅሙ ተክል ለሌላው ጥላ እንዳይሆን እዚያ ይተከላል።

በማርች መጨረሻ በረድፍ ሦስትና አራት በየካሬው አንድ አንድ ጎመን፣ በረድፍ አንድና ሁለት ሰላጣና ድንብላል ይዝሩ። በሜይ ሁለተኛ ሳምንት ሰላጣውና ድንብላሉ ተበልተው ሲያልቁ በረድፍ አንድ አራት የቃርያ ችግኝ፣ በረድፍ ሁለት አራት በሶብላ ይግቡ። በጁን መጨረሻ ጎመኑ መምረር ሲጀምር ነቅለው ፎሶልያ ይዝሩበት፤ ከ50 እስከ 60 ቀን ውስጥ ይደርሳል። በፍልሰታ የጎመን ዘር በትንንሽ ኩባያ ያብቅሉ፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ወደ ረድፍ ሦስትና አራት ያዛውሩት። በኦክቶበር መጨረሻ በሶብላውን አጭደው ያድርቁ፤ በቦታው በየካሬው ዘጠኝ ዘጠኝ ፍንካች፣ በድምሩ 36 ነጭ ሽንኩርት ይቅበሩ። እያንዳንዱ ፍንካች በሚቀጥለው ጁን መጨረሻ ሙሉ ራስ ይሆናል። በዓመቱ የበሶብላውንና የጎመኑን ቦታ ይቀያይሩ።

ስለ ጎመን ትንሽ ልበል። የአበሻ ጎመን በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ይባላል፤ መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። እዚህ ሱቅ የምንገዛው ኮላርድ ዘመዱ እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። የአበሻው ዘር በአሜሪካ የዘር ድርጅቶች ዘንድ «ኢትዮጵያን ኬል» በሚል ስም ይገኛል። ስለዚህ ዘር በሻንጣ ደብቆ ማምጣት አያስፈልግም፤ ከውጭ የሚመጣ የተክል ዘር የጤንነት የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፣ ሳያሳውቁ መያዝም ያስቀጣል። የፎሉ ጎመን ደግሞ ከስፕሪንጉ ይጣፍጣል፤ ውርጭ ሲነካው በቅጠሉ ውስጥ ስኳር ይጨምራልና። ቅጠሉን ከሥር ከሥር እየለቀሙ ጫፉን ከተዉት ለሳምንታት ይበላል።

ጤና አዳም በራሱ ባልዲ ይኑር። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሲቆርጡት ጓንት ያድርጉ፣ ልጆችም አይጫወቱበት። ነፍሰ ጡሮች ባይወስዱት ይመረጣል።

ውሃና ተባይ

መደቡ በሳምንት አንድ ኢንች ያህል ውሃ ይፈልጋል። ለ16 ካሬ ጫማ ይህ 10 ጋሎን ነው፤ የሳምንቱ ዝናብ ከዚህ ካነሰ ልዩነቱን ይሙሉ። ጠዋት ከሥሩ ያጠጡ እንጂ ቅጠሉን አያርጥቡ። ባልዲ ግን በጁላይ ሙቀት በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል። በላዩ ላይ የደረቀ ቅጠል ወይም ገለባ ቢጎዘጉዙበት እርጥበቱ ይቆያል። በሣህንም ሆነ በበርሜል ውሃ ክፍቱን አይተዉ፤ የወባ ትንኝ ባይሆን እንኳ ሰፈሩን የሚያስመርር ቢንቢ ይራባበታል።

የጎመን ዋና ጠላት ነጯ ቢራቢሮ የምትጥለው አረንጓዴ ትል ነው። ከተተከለበት ቀን ጀምሮ በስስ መረብ ቢሸፈን መድኃኒት አያስፈልግም። ሌላው የዲሲ አይጥ ነው። ሥጋ፣ እንጀራና ዘይት የነካው ምግብ ጓሮ ውስጥ አይቅበሩ።

ጓሮ ለሌለው

የጋራ የአትክልት ቦታዎችን ይጠይቁ። ከፔትዎርዝ ወረድ ብሎ በፓርክ ቪው በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ባገኙት ኬንያዊት በዋንጋሪ ማታይ ስም የተሰየመው ዋንጋሪ ጋርደንስ ይገኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የፓርኮች ክፍል፣ አሌክሳንድሪያ ላሉ የቺንካፒን መዝናኛ ማዕከል አካባቢ ያሉት ቦታዎች አሉ። ተራ መጠበቅ ሊኖር ስለሚችል ዛሬውኑ መመዝገብ ነው።

በመጨረሻ ከገንዘቡ በላይ የሆነውን ላንሳ። ልጆቻቸውን ለመጠየቅና የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡ እናቶችና አባቶች በየቤቱ አሉ። እኛ ወደ ሥራ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እነሱ ከቴሌቪዥን ጋር ይቀራሉ። ቋንቋው አይገባቸውም፣ መኪና አይነዱም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት ሥራ ግን ከበሩ በስተጀርባ ባዶውን ተቀምጧል። ለእነሱ መደቡን ከፍ አድርገው ይሥሩት፤ ጎንበስ ሳይሉ በወንበር ተቀምጠው የሚደርሱበት ይሁን። የትኛው ጎመን መቼ እንደሚለቀም ለልጅ ልጆቻቸው የሚያስተምሩት እነሱ ይሆናሉ፤ ልጆቹም የድንብላልንና የበሶብላን ስም በአማርኛ የሚይዙት ከዚያ ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ዘንድሮ በአንድ ሣጥን ወይም በአራት ባልዲ ይጀምሩ። በዚህ ቅዳሜ የጥላውን ጠርዝ በድንጋይ ምልክት ያድርጉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አፈሩን ወደ ምርመራ ይላኩ። ሌላው በጊዜው ይደርሳል።

ቸር ይግጠመን።